ስለ ፖርት ሚረሪንግ ጠይቁኝ፦ በስዊች ውስጥ የሚያልፈውን ማየት

ኬብል ስዘረጋና ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ) ሳዋቅር ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዋየርሻርክን (በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ከቢሮው ስዊች ጋር አገናኘሁት። የሚያሳየኝ የራሴን ትራፊክ ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም፤ ስዊቹ ሥራውን እየሠራ ነው። የድሮው ሀብ የመጣለትን ሁሉ ለሁሉም ይበትን ነበር። ስዊች ግን የትኛው ማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ) በየትኛው ፖርት (የኬብል መሰኪያ) እንዳለ ስለሚመዘግብ፣ የሒሳብ ክፍሉን ለሒሳብ ክፍል ብቻ ያደርሳል። ፖርት ሚረሪንግ ማለት ስዊቹን «በፖርት 1 ከሚያልፈው ሁሉ አንድ ቅጂ ወደ ፖርት 8 ላክልኝ» ብሎ ማዘዝ ነው። የስዊች አምራቹ ሲስኮ ስፓን ይለዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ስዊች ማዋቀሪያ ገጽ የለውም።

መልስ፦ እንግዲያው አይሆንላችሁም። እንደ ቲፒ ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ያለ፣ ማዋቀሪያ ገጽ ያለውና ዋጋው የማይከብድ ስዊች ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሚረሩን ሳበራው ላፕቶፔ ኢንተርኔት አጣ።

መልስ፦ በብዙ ስዊቾች ቅጂ ተቀባዩ ፖርት ከዚያ ሌላ ሥራ አይሠራም። ለራስሽ ዋይፋይ ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ የሰርቨሩን ፖርት በሁለቱም አቅጣጫ ሳስቀዳ ብዙ የጠፉ ፓኬቶች (የዳታ ቁራጮች) አያለሁ። ሰርቨሩ ተበላሽቷል?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ንጹሕ ሰርቨር ስከስስ አድሬአለሁ። ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት በመላክና በመቀበል በድምሩ እስከ 2 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ የቅጂው ፖርት ግን የሚችለው 1 ብቻ ነው። ትርፉን ስዊቹ ምንም ሳይናገር ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቅጂውን ፖርት የተጣሉ ፓኬቶች ቆጣሪ እይ። ሌላም ምልክት አለ፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ያለው ፓኬት አንተ ጋ ከሌለ፣ የጠፋው ከቅጂው እንጂ ከመንገዱ አይደለም። በተቃራኒው፣ የሚነጋገሩትን ሁለት ፖርቶች በሁለቱም አቅጣጫ ካስቀዳህ እያንዳንዱ ፓኬት ሁለት ጊዜ ይመጣና ዋየርሻርክ ድጋሚ የተላከ ሊመስለው ይችላል። የተበላሸ ኬብልን ደግሞ በዚህ መንገድ አትፈልግ፤ ስዊቹ የተበላሸውን ፍሬም (ፓኬቱ በኬብሉ ላይ የሚጓዝበትን ጥቅል) አብዛኛውን ጊዜ ከመቅዳቱ በፊት ይጥለዋል። የዚያ መልስ ያለው በፖርቱ የስህተት ቆጣሪ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኞች የሚጻጻፉትን ማንበብ ይቻላል?

መልስ፦ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት) ከሆነ ይዘቱ አይነበብም፤ ከየትኛው አድራሻ ጋር ምን ያህል ዳታ እንደተለዋወጡ ግን ይታያል። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሰው ዳታ መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል። ከኃላፊዎ በጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ አይጀምሩ። የቃል ፈቃድ ነገር ሲመጣ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ስዊቹ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ እኔ ምድር ቤት።

መልስ፦ አርስፓን (ቅጂውን ወደ ሌላ ስዊች የሚያሻግር ስፓን) የሚችሉ ስዊቾች ካሏችሁ ቅጂው ለብቻው በተመደበ ቪላን (በዚያው ኔትወርክ ውስጥ በተከለለ መስመር) ወደ አንተ ይወርዳል። ለአንድ ቀን ምርመራ ከሆነ ግን ላፕቶፑን ይዘህ ደረጃውን ብትወጣ ይቀልሃል።