መልስ፦ ስቶን ታውን ብቻዬን ብሄድ መንገድ ይጠፋብኛል?

እህቴ፣ አዎ ይጠፋብሻል። እኔም ከሐዋሳ ሄጄ ሁለቴ ጠፍቻለሁ። ስቶን ታውን፣ ማለትም የታንዛኒያዋ ደሴት የዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። አትደንግጪ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ። መጨረሻሽ ወይ ባሕር ነው ወይ ገበያ። እግረ መንገድሽን የነሐስ ጉጥ የተመታባቸውን የእንጨት በሮች እያቸው።

ሰዓት ላይ ግን አንቺ ታሸንፊያለሽ! ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት 1 ሰዓት እዚያም «ሳ ሞጃ» ነው፣ አንድ ሰዓት ማለት። የጀልባ ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እንዳትሸወጂ።

ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ፣ ባሕሩ ዳር፣ ምግብ ይጠበሳል። ዋጋ ሳትጠይቂ ሳህን አታንሺ። እኔ ዝም ብዬ አስጭኜ ሒሳቡ ሲመጣ ላብ አጠመቀኝ። የሐዋሳውን የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ ለለመደ ሰው ኦክቶፐሱ እንደ ጎማ ነው። ዝንጅብልና ሎሚ አብሮ የተጨመቀበት የሸንኮራ ጭማቂ ግን እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ደግሞ ባሕሩ ይሸሻል። ጠዋት ሲንሳፈፉ ያየኋቸው ጀልባዎች ከሰዓት አሸዋ ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። የኛ ሐይቅ እንዲህ አያደርግም።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዢ፤ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ አሁን ቤተ ክርስቲያን አለ። እሱን በጠዋቱ፣ ሰው ሳይበዛ እይው።