መልስ፦ የኮሰግ ደወል በ11 ሰዓት ለምን አልተሰማኝም?

በሃንጋሪዋ ኮሰግ ከተማ ደወሉ የሚደወልበት 11 ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት። አመሻሽ ላይ ቆመህ ከጠበቅክ ስድስት ሰዓት አልፎሃል።

የኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን በ1532 እ.ኤ.አ. ወደ ቪየና ሲያመራ ይህችን የሃንጋሪ ምዕራብ ድንበር ከተማ ከበባት። የከተማዋ መከላከያ አዛዥ ኒኮላ ዩሪሺች ከአንድ ሺህ በማይሞሉ ሰዎች፣ ያውም አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ ለሦስት ሳምንት ገደማ አላስደፈራትም። ደወሉ በየቀኑ የሚደወለው የሱልጣኑ ጦር ኦገስት 30 ለቆ የሄደበትን ሰዓት ለማስታወስ ነው። የቀትሩ ደወል ሌላ ነው፤ እሱ በኦቶማኖች ላይ ከተገኘው የ1456ቱ የቤልግሬድ ድል ጋር ይያያዛል።

ወደ ኮሰግ በአቅራቢያዋ ካለችው ከሶምባትሄይ ከተማ በባቡር ሂድ፤ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ መሃል ከተማ ያለውን የጀግኖች ግንብ ብዙ ሰው የከበባው ዘመን ቅሪት ነው ብሎ ፎቶ ይነሣበታል። የተሠራው በ1932፣ ለ400ኛው ዓመት መታሰቢያ ነው። ውጊያው የተካሄደበትን ከፈለግክ ወደ ዩሪሺች ቤተ መንግሥት እለፍ።