ወደ በጀት ክፍሉ ለምትገቡ ልጆቼ

በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የአየር ንብረት ፖሊሲና በጀት ወደሚዘጋጅባቸው ቢሮዎች ለምትገቡት ለእናንተ ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር አለኝ።

በወጣትነቴ በአንድ ቆላ ወረዳ ችግኝ እናስተክል ነበር። ሪፖርታችን የሚጠይቀው የተተከለውን ብዛት ብቻ ነው። በበጋ ችግኙ እንዳይደርቅ ውኃ በመኪና ይመጣለታል፤ በዚያው መንገድ ሴቶች ጀሪካን አዝለው ሩቅ ወንዝ ይወርዳሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ቆም ብለው «ልጄ፣ ዛፉስ ጠጣ፤ እኛስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሁለቱንም ጉዳይ፣ ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት መቀነሱንም ለውጡን መቋቋሙንም፣ በስሙ ይዟል። በዓለም ላይ ግን አብዛኛው የአየር ንብረት ገንዘብ የሚሄደው ወደ ልቀት ቅነሳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የቀነሰ ካርቦን በቶን ይለካል፣ ጥቅሙም ለከፋዩ ጭምር ነው። በድርቅ ያልሞተች ላም ግን ማንም አይቆጥራትም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ አገራችን ልቀቷን ዜሮ ብታደርግ እንኳ ለዚያ አርብቶ አደር ዝናብ አትመልስለትም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ የግድ ሲፎካከሩ ውኃው ይቅደም እላለሁ። በዚህ አልደራደርም።

ይህን ስል ልቀት ቅነሳን ንቁት ማለቴ አይደለም። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ የትኛውም እርከንና ኩሬ አይበቃንም። የኤሌክትሪክ ኃይላችንም በአብዛኛው የሚመነጨው ከወንዝ ነው፤ ወንዙ ዝናብ ይፈልጋል፣ ግድቡም ካልታከመ ተዳፋት በሚወርድ ደለል ይሞላል። ላይኛውን ተዳፋት የሚያክመው ገበሬ፣ መሬቱንም ግድቡንም እየጠበቀ ነው።

ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ ማየት ከፈለጋችሁ ወላይታ፣ ሁምቦ ሂዱ። የተራቆተውን 2,728 ሄክታር ተራራ ገበሬዎቹ ከንክኪ ከልለው፣ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይተክሉ፣ ከአሮጌው ጉቶ ያቆጠቆጠውን እየመረጡና እየገረዙ ደን አደረጉት። ከካርቦን ሽያጭም፣ ማለትም ደኑ ከአየር ስቦ ለያዘው ካርቦን ከሚከፈለው ገንዘብ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሮቻቸው ገቢ አገኙ። እዚያ ስትደርሱ ሳር አጭደው የሚወርዱትን ሰዎች አግኟቸው። መጀመሪያ ስለ ሳሩና ስለ ምንጩ ጠይቋቸው፤ ስለ ካርቦኑ በኋላ።