ስለ ፊልም ጠይቁኝ

የፊልም አምደኛችን ደሴ ውስጥ ቴሌቪዥንና ዲሽ ይጠግናል። በዚህ እትም ከወሎ ከተሞች ለደረሱት ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ስከፍት ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔም እውነቱን ለመናገር ብዙ አልቆይም፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ብቻ ሞክር ቢሉኝ የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አለልህ። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን እይ። በ1957 የወጣ፣ 96 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። አባቱን በጩቤ ወግቶ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ የ18 ዓመት ልጅ አለ። ፍርዱ በ12 ተራ ሰዎች እጅ ነው፤ ሁሉም መስማማት አለባቸው፣ ጥፋተኛ ካሉት ደግሞ ሞት ይጠብቀዋል። አሥራ አንዱ ወዲያው ጥፋተኛ ነው ብለው እጃቸውን ያወጣሉ። አንዱ፣ ሄንሪ ፎንዳ፣ ሳንነጋገርበት እንዴት ይሆናል ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ሰዎቹ ከሚመክሩባት ክፍል የሚወጣበት ጊዜ ከቁጥር አይገባም። ተኩስ የለም፣ መኪና አይገለበጥም።

ለወሎ ልጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ደም ለማድረቅ የተቀመጡ አበጋሮችን ያየ ሰው፣ አንዱ ሽማግሌ ነገሩ አልዋጥልህ ሲለው ጉባኤው ሁሉ እንዴት ቆም ብሎ ከመነሻው እንደሚጀምር ያውቃል።

ስታየው ግን ካሜራውን ተከታተል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ገና የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙን መሥራቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል። መሐል ላይ ከዓይናቸው ትክክል ይሆናል። ወደ መጨረሻው ከታች ሽቅብ ስለሚያይ ጣሪያው ብቅ ይላል። ሌንሱም እየረዘመ ስለሚሄድ ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ ወደ ትከሻቸው የተጠጋ ይመስላል። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ አንተ ግን ትንፋሽ ያጥርሃል፣ የሸሚዛቸው ላብ አንተም ላይ የተጣበቀ ይመስልሃል። ይህን ሁሉ የሠራው በቀለም አይደለም፣ በኮምፒውተርም አይደለም። ሰው የት ሆኖ ማንን ያያል የሚለውን አስቦበት ነው። ቢያንስ ፎንዳ ከኪሱ ጩቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪሰካው ድረስ ታገስ። ከዚያ በኋላ ማቆም እንደማትችል እርግጠኛ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነው የምጽፈው። እኔ ፊልም የማየው በዲሽ፣ ኤምቢሲ ቱ ላይ ነው፤ የአረብኛውን ጽሑፍ ስለማነብ አይቸግረኝም። እርስዎ የድሮውን ያወድሳሉ። በእርግጥ የድሮ ሆሊውድ ከአሁኑ ይበልጣል?

መልስ፦ በሁሉም አይበልጥም። ሁለት ፊልም ላንሳ፤ ሁለቱም በረሃ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ እርስዎም በረሃ ያውቃሉ።

አንደኛው የዴቪድ ሊን «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ» ነው፣ የ1962። ኦማር ሸሪፍ የሚመጣበትን ትዕይንት ያስታውሱ። ሁለት ሰዎች ጉድጓድ አጠገብ ውኃ ይቀዳሉ። ሩቅ፣ መሬትና ሰማይ በሚገናኙበት፣ በሙቀቱ ነጸብራቅ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ይንቀጠቀጣል። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወርዱ አስፋልቱ ላይ ውኃ የተኛ የሚመስለው ነገር ማለት ነው። ነጥቡ ይረዝማል፣ ግመል ይሆናል፣ ሰው ይሆናል። ሙዚቃ የለም። ካሜራማኑ ፍሬዲ ያንግ ለዚህ ትዕይንት ብሎ 482 ሚሊሜትር የሆነ ረዥም ሌንስ ይዞ ዮርዳኖስ በረሃ ገብቷል፤ ነጸብራቁም የእውነት ነጸብራቅ ነው። የዛሬ አዘጋጅ ቢሆን ያንን ዝምታ ሦስት ቦታ ይቆርጠው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን ይህ ፊልም 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ሲሄድ አንዲት ሴት አንድ ቃል አትናገርም። ሸሪፍ ግብጻዊ ነው፣ ደግ። የአረቡን ልዑል ፈይሰልን የሚጫወተው ግን ፊቱ በሜክአፕ የጠቆረ እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነው። ይህንን አይቶ ማለፍ ይከብደኛል። የድሮው ሆሊውድ ትዕግሥት ነበረው፤ ለማን ፊት ቦታ እንደሚሰጥ ግን ብዙ ጊዜ በድሏል።

ሁለተኛው የ2015ቱ «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» ነው። ናሚቢያ በረሃ ላይ እውነተኛ መኪና እየነዱና እያጋጩ ነው የሠሩት፤ ኮምፒውተሩ የመጣው በዚያ ላይ ነው። የታሪኩ ሾፌር ሴት ናት፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ቻርሊዝ ቴሮን። ያንን ሁሉ ምስል ቆርጣ የቀጠለችው ማርጋሬት ሲክስልም በኤዲቲንግ ኦስካር ወስዳበታለች። ፍጥነቱ ያዞራል፤ ሆኖም ዓይንዎ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲታለፍ ብዙውን ጊዜ የስክሪኑ መሐል ላይ ነው የሚጠብቅዎ። ያ ደግሞ ለተመልካች ማሰብ ነው። እኔ የምመዝነው በዚህ ነው እንጂ በዓመቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወልድያ። የዘንድሮ ፊልሞች ለምን ይጨልማሉ? ቴሌቪዥኔን ልቀይረው ነው።

መልስ፦ አይቀይሩት። ታስቦበት የጨለመ አለ፣ ተበላሽቶ የጨለመ አለ። በ1972 በወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ካሜራማኑ ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከአናት በላይ ስለሰቀለው የማርሎን ብራንዶ ዓይን ጥላ ውስጥ ይቀራል። ውጭ ሠርግ በፀሐይ ይጨፈራል፣ ውስጥ ያለው ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ያ ጨለማ ታሪኩን ይነግራል።

እርስዎን የቸገረዎት ግን የፍላሹ ይመስለኛል። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ተጨምቆ 700 ሜጋባይት ሲሆን ቀድሞ የሚበላሸው ጥቁሩ ነው። ጥላው አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ብራይትነስ እስከ ጫፍ ያደርጉና ጥቁሩን ግራጫ ያደርጉታል፤ ይህ አይረዳም። የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ከ«ቪቪድ» ወደ «ሙቪ» ይመልሱት፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ያለውን አምፖል ያጥፉ፣ ፊልሙን ሲያስጭኑም ትልቁን ፋይል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። የእኛ ሙዚቃ አሜሪካኖች ፊልም ውስጥ ገብቶ ያውቃል?

መልስ፦ በደንብ። የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ፈልግ። ጃርሙሽ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ የሚሠራ ሰው ነው። ቢል መሪ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ይነዳል፤ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ለመንገድ ብሎ ሲዲ ይሰጠዋል፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ባዶ የአሜሪካ መንገድና የእኛ ቅኝት እንዴት እንደሚስማሙ ስሰማ ኩራት ተሰምቶኛል። አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶች ባሉበት አገር ያደግህ ሰው ነህና አንተም ጆሮህን ሰጥተህ ስማው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ፊልምን ገደለው እላለሁ። አንተስ ወንድሜ?

መልስ፦ የኔታ፣ ኮምፒውተሩን አልከሰውም። «ጁራሲክ ፓርክ» (1993) ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ዳይኖሰር የሚታየው ግን 15 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ግማሽ አይሞላም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ትዕይንት ደግሞ የብርጭቆ ውኃ ነው። አውሬው ሳይመጣ እርምጃው ውኃውን ያርገበግበዋል። ያንን የሠሩት ከሥር የጊታር ክር አስረው በመምታት ነው።

ያው ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 «ጆውስ»ን ሲሠራ ሜካኒካል ሻርኩ በጨው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ አሳውን ትቶ ባሕሩን አሳየን፤ ጆን ዊሊያምስም ሁለት ኖታ ጨመረበት። ሻርኩ በደንብ እስኪታይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል፣ ፍርሃቱ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አለ። የዛሬዎቹ የሚያጠፉት አውሬውን በየአምስት ደቂቃው ሲያሳዩን ነው። ተመልካቹ በራሱ እንዲፈራ ጊዜ አይሰጡትም።

ጥያቄ፦ መርሳ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ 7ና 10 ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ትርጉም ፊልም ላሳያቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከትርጉም ፊልም በፊት የሚሻል አለ። ተራኪው ልፋቱ ቢገባኝም ዝም መባል ባለበት ቦታ ሁሉ ይናገራል፤ ልጆቹ ፊት ማንበብን አይለምዱም። የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ኪድ» ያሳዩአቸው። የ1921 ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል። አንድ ድሃ ሰው የተጣለ ሕፃን አንስቶ ያሳድጋል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው በድንጋይ የሰው መስኮት ይሰብራል፤ አሳዳጊው ደግሞ መስታወት በጀርባው ተሸክሞ «በአጋጣሚ» ብቅ ይልና ጠግኖ ገንዘብ ይቀበላል። ይህን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።

መሐል መሐል ላይ አጭር ጽሑፍ ይወጣል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸው፣ አይበዛም። ልጁን ከአሳዳጊው ነጥቀው መኪና ላይ ሲጭኑት ግን ትንሹ ሊያለቅስ ይችላልና ያኔ ጓዳ አይግቡ፣ አጠገባቸው ይቀመጡ። ከወደዱት «ሞደርን ታይምስ»ን (1936) ያስከትሉ።