እህቴ አኮረፈችኝ፤ እኔ ግን ከደሴቱ መመለስ አልፈልግም

ጥያቄ፦

28 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ከደሴ በዲቪ ስንመጣ እኔ 9፣ እህቴ ደግሞ 2 ዓመቷ ነበር። አሁን ፒስ ኮር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት በጎ ፈቃደኛነት ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ ያለች ቫኑአቱ የምትባል አገር ነው ያለሁት። አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሕፃናት ማንበብ አስተምራለሁ። ከሥልጠናው ጋር ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሚፈጀው አገልግሎቴ ሊያልቅ ነው።

ኑሮው ከባድ ቢሆንም ወድጄዋለሁ። የምጠጣው ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ መውጣት አለብኝ። የተቀበለችኝ እናት እንደ ልጇ ነው የምታየኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ላፕላፕ እንሠራለን፤ ጎደሬና ሙዝ ፈቅፍቀን፣ በኮኮናት ወተት ለውሰን፣ በቅጠል ጠቅልለን በጋለ ድንጋይ እናበስለዋለን። ቀኝ ጉልበቷን ስለሚያማት ባልዲውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ሲጥለኝ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ለቤተሰቦቼ አልነገርኳቸውም።

እነሱ ሽርሽር ላይ ያለሁ ነው የሚመስላቸው። እናቴ «በነፃ ለመሥራት ከሆነ እዚህ ምን አጣሽ?» ትለኛለች። የሚገርመው አባዬ ራሱ ደሴ ሲማር ያስተማረው የፒስ ኮር መምህር ነበር፤ እስከ ዛሬ ስሙን ያነሳል። አባዬ ስኳር አለበት። በቅርቡ ሆስፒታል ማደሩን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ከአክስቴ። ተናድጄ ለእህቴ «ለምን ደበቃችሁኝ? ቀጠሮውን ማነው የሚከታተለው?» ብዬ በድምፅ ላክሁላት። «የማታውቂያቸውን ሰዎች ልትረጂ ሄደሽ፣ ሥራሽን ሁሉ ለእኔ ጥለሽልኝ፣ አሁን ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆንሽ?» ብላ ብሎክ አደረገችኝ። ቅናት ይመስለኛል። እኔ ከ10 ዓመቴ ጀምሮ ለቤቱ ሁሉንም ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። እሷ እኮ አማርኛዋ እንኳን ጎደሎ ነው፤ ያን ያህል ምን ልትሠራ ትችላለች? አንድ ዓመት ማራዘም ስለምፈልግ ፎርሙን ሞልቻለሁ። እንዲረዱኝ እንዴት ልንገራቸው?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። የምትሠሪው ሥራ መልካም ነው። ፒስ ኮር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ አስተማሪዎች ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነዋል። የዚያ ትውልድ ሰዎች ሲያነሷቸው ፊታቸው ይበራል። አባትሽ የአስተማሪውን ስም እስከ ዛሬ አለመርሳቱ ያንቺም ልፋት ከንቱ እንዳልሆነ ይነግርሻል። ስለዚህ «ሽርሽር ነው» የሚልሽን ሰው ለመርታት ብዙ አትድከሚ።

በነገራችን ላይ ሽርሽር የመሰላቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ትኩሳቱን ደብቀሻቸዋል። የምትልኪላቸው ፎቶ የባሕር ነው ብዬ ብገምት ብዙ አልሳሳትም። እነሱ ደግሞ የአባትሽን መታመም ደበቁሽ። ሩቅ ያለ ሰው እንዳይጨነቅ ክፉ ወሬ መደበቅ የቆየ ልማዳችን ነው። መርዶ እንኳን ስንት ወር ተደብቆ ይቆያል! በዚህ ጉዳይ አንቺና ቤተሰብሽ እኩል ናችሁና ልለፈው።

ደብዳቤሽ ውስጥ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ደሴቷ እናት የሚያማት የትኛው ጉልበቷ እንደሆነ ሳይቀር ጽፈሻል። ስለ እህትሽ ግን ምን እንደምትማር፣ የት እንደምትሠራ፣ ያን ሌሊት ሆስፒታል ከአባትሽ ጋር ማን እንዳደረ አንድ ቃል የለም። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። መልሱን ሳታውቂው የቀረሽ አይመስለኝም፤ እዚያ ሐሳብ አጠገብ መድረስ የፈራሽ ግን ይመስለኛል። ለምን ፈራሽው ለሚለው ወደ 10 ዓመቷ ልጅ መመለስ ይኖርብናል።

«ከ10 ዓመቴ ጀምሮ ሁሉንም ሳደርግ ኖሬያለሁ» ብለሽ በግማሽ መስመር አለፍሽው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። በስደት ቤት የበኩር ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ከአከራይ የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው በልጅቷ ነው። ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የምትሟገተው እሷ ናት፤ ድምፅዋን አወፍራ «እናትየው ነኝ» እያለች። የወላጆች ስብሰባ ላይ የራሷን ውጤት ለራሷ እናት የምታስተረጉመው እሷ ናት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሐኪም ቤቱ ነው። የአባቷን በሽታ ከእናቷ በፊት የምትሰማው ልጅቷ ናት። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ አባትና እናት ዓይን ዓይኗን ያያሉ። የትኛውን ልንገራቸው፣ የትኛውን ላለስልሰው ብላ በዚያች ቅጽበት የምትወስነውም እሷ ናት። ይህ ለአዋቂም የሚከብድ ውሳኔ ነው። አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነበርሽ።

«ትችያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀሽ አልነበረም። ያመሰገነሽም ያለ አይመስለኝም። ወላጆችሽ ክፉ ሆነው አይደለም። ቋንቋው አልገባቸውም፤ ሥራው ፋታ አልሰጣቸውም፤ የነበራቸው አንድ ምርኩዝ አንቺ ነበርሽ። በእኛ ቤት ደግሞ ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው ወግ ነው። ለእንግዳ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ለልጅ ግን «ጎበዝ» ከተባለለት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደሴቱን በዚህ ዓይን እይው። በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቅደሽ የገባሽበት አገልግሎት ነው። አመልክተሽ፣ አስበሽበት፣ ፈርመሽ ሄድሽ። የደሴቷ እናት ባልዲውን ስትቀበልሽ በቋንቋቸው «ታንኪዩ ቱማስ»፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ትልሻለች። መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ሲያልቅም «ተከናውኗል» ተብሎ ትሸኚያለሽ። ስለዚህ ያገኘሽው እረፍት እውነተኛ ነው። ሰው ሳይጠየቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ ከኖረ፣ አንድ ጊዜ ወዶ መስጠት ይፈውሰዋል። ከቤታቸው ርቀው መተንፈስ የቻሉ፣ ግን «ራስ ወዳድ ነኝ» እያሉ ራሳቸውን የሚኮንኑ የበኩር ልጆችን ሳገኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ማረፍ ነውር አይደለም።

ነገር ግን እህቴ፣ አንቺ ከቤት ስትወጪ ሥራው አብሮሽ አልወጣም። የተረከበችው ልጅ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። እሷንስ ማን ጠየቃት? በአንቺ ላይ እንደተጫነው ሁሉ፣ በእሷም ላይ ሳትጠየቅ ተጫነ። ይህን ሆን ብለሽ አላደረግሽውም። ግን ሆኗል።

አማርኛዋ ጎደሎ መሆኑን የጻፍሽው እሷን ለማሳነስ ይመስለኛል። ለእኔ የደብዳቤሽ ከባዱ መስመር እሱ ነው። አንቺ ደሴ ተምረሽ የመጣሽ ስለሆንሽ ሁለቱም ቋንቋ ነበረሽ። እሷ በ2 ዓመቷ ነው የመጣችው። ያን ሌሊት ሐኪሙ ስለ ስኳር፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ መድኃኒት መጠን ሲያወራ አጠገቡ ያለችው እሷ ከነበረች፣ ግማሹን በእጇ ምልክት ነው ያስረዳችው። አባቷ «ምን አለ?» ሲላት ቃሉ የላትም። ምናልባት ልትደውልልሽ አስባ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነሽ። በዚህ መሃል «ቀጠሮውን ማነው የሚከታተለው?» የሚል ድምፅ ደረሳት። የምትከታተለው እሷ ናት። «እንዴት ሆንሽ?» ሳትያት ሪፖርት ጠየቅሻት።

ቅናት አይመስለኝም። ባሕሩን የፈለገችው አልመሰለኝም። የፈለገችው አንቺ ያገኘሽውን ነው፤ ጠያቂና አመስጋኝ። ያን ሥራ ከውስጥ የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ ያላት ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺም «ምን ልትሠራ ትችላለች?» አልሻት።

«ቅር ብሎኝም አያውቅም» ያልሽውን ለማመን ይቸግረኛል። ቅሬታ ቢኖርሽ አልፈርድብሽም፤ ሊኖርሽ ይገባል። ግን ሁለት ሥራ እየሠራ ባሳደገ ወላጅ ላይ መቀየም ያሳፍራል፤ ኃጢአት ይመስላል። ስለዚህ ቅሬታው መውጫ ሲያጣ ወደ ታናሽ ይወርዳል። አንቺ በተሸከምሽባቸው ዓመታት ሁሉ በልጅነቷ ያለ ጭንቀት ስትጫወት የነበረችው እሷ ነበረች። «አሁን ተራዋ ነው» የምትል ድምፅ ውስጥሽ ካለች አትደንግጪ፤ ይህን ብዙ ሰው ይሰማዋል። ድምፅዋን ካልሰማሻት ግን እህትሽን ታሳጣሻለች።

አራዝሚ ወይም ተመለሽ አልልሽም። ጸጸት ገፍቶሽ ብትመለሺና ያንኑ ወንበር ብትረከቢ፣ ብዙም ሳይቆይ በሁሉም ላይ መራራ ትሆኛለሽ። ግን «እንዴት ልንገራቸው?» ያልሽው ፎርሙን ከሞላሽ በኋላ ነው። የምትነግሪያቸው ያለቀ ነገር ነው ማለት ነው። ዓመቱ የእህትሽም ዓመት ነው። ከመወሰንሽ በፊት ልትጠየቅ ይገባታል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ምናልባት ይረዳሽ እንደሆነ ጥቂት ነገር ልበል። በአክስትሽ በኩል አጭር መልእክት ላኪላት። ማብራሪያም ማሳሰቢያም አትጨምሪበት። «ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ፤ ብቻሽን ትቼሽ በመሄዴ ይቅርታ፤ ስትፈልጊ ልሰማሽ ዝግጁ ነኝ» ማለት ይበቃል። ስታወራሽ «እኔም እኮ ከ10 ዓመቴ ጀምሮ» የምትለውን ለሌላ ቀን አቆያት። እዚያ የምሳ ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ ከዋዜማው ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ስለሚሆን ለሁለታችሁም የሚመች ሊሆን ይችላል። እንደሚመቻት ግን ራሷን ጠይቂያት።

አንድ ተጨባጭ ነገር ደግሞ አለ። በአሜሪካ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ክፍያ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ጎረቤታችሁ ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም «አበሻ ከሆነ ያወራብናል» ብሎ ይፈራል። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም በስልክ ወይም በቪዲዮ ስለሚያስተረጉም ማን እንደሆናችሁ እንኳን ላያውቅ ይችላል። ይህን ለአባትሽ ማስረዳት ከሩቅም የሚቻል ሥራ ነውና አንቺ ውሰጂው። እህትሽ ሐኪም ቤት ስትሄድ እንደ ልጅ እጁን ይዛ እንድትቀመጥ ያደርጋታል።

ከአባትሽ ጋር ስለዚያ የደሴ አስተማሪ አውሪ። አስተማሪው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ እናቱን ማን እንደጠበቀለት ነግሮት ያውቅ እንደሆነም ጠይቂው። ይህ አባትሽ ስለ ሁለት ሴት ልጆቹ እንዲናገር በር ሊከፍትለት ይችላል።

ስለ 10 ዓመቷ ልጅ ግን በደብዳቤ የምንጨርሰው አይደለም። ፒስ ኮር ለበጎ ፈቃደኞቹ የምክር አገልግሎት ስላለው እዚያው ሆነሽ ጀምሪ። ስትመለሺ ፊት ለፊት የምታወሪው ባለሙያ ፈልጊ፤ በዲሲ አካባቢ በአማርኛ የሚያማክሩ አሉ። ብታራዝሚም በመሃል ቤትሽ የምትሄጂበት ፈቃድ ይኖር እንደሆነ ጠይቂና ከእህትሽ ጋር ባለሙያው ዘንድ አብራችሁ ለመግባት ሞክሪ።

እህትሽ ቶሎ ላትመልስልሽ ትችላለች። ሁለት ዓመት ዝም ብላለች፤ ለመናገርም ጊዜ ይፈልጋታል። ታገሻት። ፎርሙን ግን እስከዚያ አትላኪው።