ጥገና፣ እድሳት ወይስ ማሻሻያ? ከደሴ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ከመንግሥት የተላከ ቆጣሪ መጥቶ የቤታችንን ወጪ ሲመዘግብ «ባለፉት 12 ወራት ለቤት ጥገናና እድሳት ምን ያህል ወጪ አወጣችሁ?» አለን። ክረምት ሳይገባ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሙሉ አስቀይረን ነበር። እኔ «ጥገና ነው» አልኩ። ባለቤቴ «የምን ጥገና! እድሳት ነው እንጂ» አለች። ቆጣሪው ልጅ ደግሞ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበና «ይኼማ ማሻሻያ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ስንከራከር ቡናው በረካ ደረሰ። ማናችን ነን ልክ? «ወጪ አወጣ» ማለትስ ድግግሞሽ አይሆንም? «እድሳት» የሚጻፈውስ በእ ነው በዕ?

መልስ፦ በአማርኛው ከሄድን ባለቤትዎ ረተዋል። በስታቲስቲክሱ ከሄድን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጁም እንዲያው በከንቱ አልተናገረም።

‹ጠገነ› ያለ ስብራት አይነሣም። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ይጠግናል፤ መካኒክ የቆመ መኪና ይጠግናል። (የተቀደደ ሱሪ ግን ይጣፋል እንጂ አይጠገንም።) ጣሪያ ሲያፈስ ሠራተኛው ወጥቶ የላላውን ምስማር ይነቅላል፣ ቀዳዳውን በካትራሜ ይደፍናል፣ አሸንዳው ከተዛነፈ አቃንቶ ያስረዋል፤ ይኼ ጥገና ነው። የዛጉ ሁለት ሦስት ቆርቆሮዎችን ቢለውጥም ያው ጥገና ነው። ቆርቆሮው በሙሉ ወርዶ አዲስ ሲመታ ግን የተሰበረ ነገር አልተጠገነም፤ ያረጀ ነገር በአዲስ ተተካ።

ያን ጊዜ የሚመጣው ‹አደሰ› ነው። ከግእዙ ‹ሐደሰ› የወረደ፣ የ‹ሐዲስ› ዘመድ ነው። የሚታደስ ነገር መሰበር የለበትም፤ ማርጀቱ ወይም ጊዜው ማለፉ ይበቃዋል። ንግድ ፈቃድ ይታደሳል፣ ውል ይታደሳል፣ መታወቂያ ይታደሳል። በታደሰ ፈቃድ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ ቀድሞ ወደነበረበት ተመለሰ፣ በቃ። ለዚህ ነው የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ስናነሣ «ይታደስ» የምንለው። «ይሻሻል» የሚል ሰው ቢመጣ የደሴ ሽማግሌዎች ከደጅ ነው የሚመልሱት።

‹ማሻሻያ› የ‹ተሻለ› ልጅ ነው፤ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ሲኖር ነው የሚባለው። በአፈር ወለል ላይ ሊሾ ሲፈስ፣ ጣሪያው ኮርኒስ ሲመታለት፣ ግቢ ጥግ የነበረው መጸዳጃ ወደ ቤት ሲገባ፣ አንድ ክፍል ሲቀጠል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ይህን ሁሉ የሠራ ሰው «ቤቴን አሻሻልኩ» ሲል አይሰማም። «ሊሾ አስደረግሁ»፣ «አንድ ክፍል ቀጠልኩበት» ነው የሚለው። ማሻሻያ የቢሮ ቃል ሆኗል፤ ቢሮውም ስሙን አጥፍቶበታል። «በነዳጅ ላይ የዋጋ ማሻሻያ ተደረገ» ሲባል የሚደሰት ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ስታቲስቲክሱ። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቤተሰብን ፍጆታና ወጪ በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. አጥንቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ወጪን በዓላማው ለመመደብ የሚያገለግል፣ በተባበሩት መንግሥታት የወጣ ዓለም አቀፍ አመዳደብ አለ። በዚያ አመዳደብ የቤት ጥገና ከቤት ኪራይ፣ ከውሃ፣ ከመብራትና ከማገዶ ጋር 4ኛው ክፍል ውስጥ ይገባል። ጥገና የሚባለውም ቤቱ ዕድሜውን በሙሉ እንዲያገለግል በየጊዜው የሚደረግ፣ አቅሙንም ሆነ የሚጠበቀውን ዕድሜ የማይለውጥ ሥራ ነው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ‹ጥገና›ም ከእኛ ‹እድሳት›ም ጋር አይጣላም።

የሚጣላው ቀጥሎ ነው። አመዳደቡ ጥገናን ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ተከራይም ባለቤትም የሚያደርገው ጥቃቅኑ፣ ማለትም ቀለም መቀባት፣ ቁልፍ መቀየር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማሠራት፣ የቤተሰብ ፍጆታ ነው። ተከራይ የማይነካው ከባዱ፣ ለምሳሌ ግድግዳ እንደገና መለሰን ወይም ጣሪያ መጠገን፣ የባለቤት ጣጣ ነውና ከፍጆታ አይደመርም። ክፍል መቀጠልማ ጭራሽ እንደ ግንባታ ይታያል። ስለዚህ ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ድንበሩ ያለው በ‹ጠገነ› እና በ‹አደሰ› መካከል አይደለም፤ «ይህን ተከራይ ያደርገዋል ወይ?» የሚለው ላይ ነው። ቀለም ማስቀባት በእኛ አፍ እድሳት ሲሆን በእነሱ ሒሳብ ትንሽ ጥገና ነው። የእርስዎ ቆርቆሮ ደግሞ በእኛ አፍ እድሳት ሆኖ በእነሱ ሒሳብ ከፍጆታ ውጭ ነው። ልጁ ቃሉን ሳተ እንጂ ቆርቆሮው ከቀለምና ከቁልፍ ጋር አብሮ እንደማይደመር ጠርጥሯል።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ሰውን በስም ከመጠየቅ በሥራው መጠየቅ ይሻላል፦ ቆርቆሮ አስቀየራችሁ? ግድግዳ አስለሰናችሁ ወይስ አስመረጋችሁ? ቀለም አስቀባችሁ? የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየሁለት ዓመቱ በሚያካሂደው የቤቶች ጥናት የቤት ባለቤቶችን የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ ጣሪያ፣ መስኮት፣ ማድቤት እያለ ይዘረዝርና ለእያንዳንዱ የወጣውን ይመዘግባል። ሥራውን ቤተሰቡ በራሱ እጅ ሠራው ወይስ ሌላ ሰው የሚለውንም ለብቻው ይጠይቃል።

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አማርኛ በግሡ ውስጥ ይዞታል። «ጠገንኩ» ያለ በእጁ ነው፤ «አስጠገንኩ» ያለ ሌላ ሰው ሠርቶለታል። አደሰና አሳደሰ፣ ቀየረና አስቀየረ፣ መረገና አስመረገ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ጥሩ መረጃ ሰብሳቢ ይቺን ‹አስ› ሰምቶ ወዲያው ስለ እጅ ዋጋ ይጠይቃል። ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ‹አስ› ሌላ ሰው መሥራቱን እንጂ ገንዘብ መከፈሉን አይናገርም። ከከተማው ወጣ ሲሉ የጭቃ ቤት ግድግዳ በደቦ ይመረጋል። ባለቤቱ «አስመረግሁ» ይላል፤ የከፈለው ግን እንጀራና ቡና ነው። ያ እንጀራ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከቤቱ ምግብ ጋር ተደምሮ ይቀራል፤ ግድግዳውም ያለ ወጪ የተመረገ ይመስላል።

«አደረጋችሁ ወይ?» እና «ስንት ወጣበት?» ሁለት ጥያቄዎች መሆን ያለባቸውም ለዚህ ነው። እርስዎም ልጁ ተመልሶ ከመጣ ስም አይምረጡለት። ለቆርቆሮው ይህን ያህል፣ ለምስማሩ ይህን ያህል፣ ለአናጢው ይህን ያህል ይበሉት፤ ረድፉን መፈለግ የእሱ ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ልጁ ቆጣሪ አይደለም። ቆጠራ አገር ምድሩን የሚያዳርስ ነው፤ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። እናንተ ቤት የመጣው የናሙና ጥናት ስለሆነ ልጁ መረጃ ሰብሳቢ ይባላል። ሰፈሩ ግን ቅጽ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ቆጣሪ» ማለቱን አይተውም፤ እኔም አልከለክልም።

«ወጪ አወጣ» ምንም አይልም። አማርኛ ግሥን ከገዛ ልጁ ጋር ማዋል ይወዳል፤ ዘፈን ይዘፍናል፣ ልቅሶ ያለቅሳል። «ወጪ አደረገ» የሚለው የደብዳቤ ቋንቋ ነው፤ ስሕተት ባይሆንም ባለቤትዎን ለመጠየቅ አይመችም።

‹እድሳት›ን በተመለከተ፣ መነሻው ሐ ነው፤ ሐመሩ አማርኛ ላይ ሲደርስ ላልቷል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ብለው በዓይኑ ዐ ነው የሰየሙት። በዚያ መንገድ ከሄዱ ‹ዕድሳት› ይሆናል፤ «አዲስ አበባ» ብለው በአልፋው ከጻፉ ደግሞ ‹እድሳት› ነው። ሁለቱን በአንድ ቅጽ ላይ አይቀላቅሉ እንጂ አንዱንም አላርምዎትም።