የድሮ ኩዌሪዎችን በፎርማተር ስለማስተካከል

ወንድሜ፣ የጠየቅከው እንዲህ ነው፦ አምስት ሆናችሁ አንድ ዳታቤዝ ላይ ትሠራላችሁ፣ ኩዌሪውን (ዳታቤዙን መረጃ የምንጠይቅበትን ጽሑፍ) ግን ሁሉም በየራሱ መልክ ይጽፋል። የኩዌሪን አቀማመጥ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም (ፎርማተር) ብታስገቡ የድሮዎቹን ፋይሎች ያበላሻል ወይ? የቱስ ይሻላል? እኔ ተጠቀሙ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሽያጭ ሪፖርት ተረክቤ ነበር። የወሩ ድምር ሁልጊዜ ከሒሳብ ክፍሉ ቁጥር ይበልጣል፤ ልዩነቱም በየወሩ ያድጋል። ኩዌሪው ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር የተጻፈ ነው፣ ወደ ቀኝ እየጎተትክ ነው የምታነበው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። በሦስተኛው ቀን ፎርማተር ውስጥ ከተትኩት። እያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ በየራሱ መስመር ሲወርድ ወዲያው ታየኝ። ዌር (ረድፎችን የሚያጣራው ክፍል) ላይ "በዱቤ የተሸጠ ኦር የተከፈለ ኤንድ ቀኑ የዚህ ወር" ተብሏል፣ ቅንፍ ግን የለም። ኤስኪውኤል (ኩዌሪ የሚጻፍበት ቋንቋ) ደግሞ ኤንድን ("እና") ከኦር ("ወይም") በፊት ነው የሚያሰላው። ስለዚህ የቀን ገደቡ የሚሠራው ለተከፈለው ብቻ ነበር። የዱቤው ሽያጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው በሙሉ ይደመራል። ፎርማተሩ ስህተቱን አላረመልኝም፣ ግን እንዳየው አደረገኝ። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ማማሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ስለ ምርጫው፦ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ፒጂ ፎርማተር ይበቃችኋል። ዲቢቲ (ኩዌሪዎችን ማደራጃ መሣሪያ) ላይ ከሆናችሁና በአጻጻፍ መከራከር ከሰለቻችሁ ኤስኪውኤል ኤፍኤምቲን እዩት። ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም፣ ሁሉንም በራሱ መልክ ያወጣዋል። እኛ የያዝነው ኤስኪውኤል ፍላፍን ነው፤ በፓይተን የተሠራ ነው፣ በፒፕ (የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ) ይጫናል። ዲያሌክቱን (የየትኛው ዳታቤዝ ኤስኪውኤል እንደሆነ) መጀመሪያ ንገረው። የማይክሮሶፍቱን ኩዌሪ በፖስትግሬስ ሕግ እንዲያነብ ካደረግከው አንብቦ መረዳት አይችልም። ደግሞ "ፊክስ" የሚለውን ትእዛዝ ለድሮ ፋይል አትቸኩልበት። ከአቀማመጥ አልፎ አንዳንድ አጻጻፎችን ይቀይራል። "ፎርማት" በሚለው ጀምር፣ እሱ በአቀማመጥና በመሳሰሉት ላይ ነው የሚያተኩረው።

አንድ ጊዜ ያቃጠለን ነገር አለ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ሊኑክስ ላይ ሲሆን የቴብል (የሠንጠረዥ) ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን አይለይም። እኛ መሣሪያውን ሁሉንም ስም ወደ ትንሽ ፊደል እንዲቀይር አዘዝነው። በየላፕቶፓችን ዊንዶውስ ስለሆነ ምንም አልታየንም። ሰርቨሩ ላይ ስንጭነው "ቴብሉ የለም" እያለ ግማሹ ሪፖርት ቆመ። ስለዚህ ሴሌክት፣ ፍሮም፣ ጆይን የመሳሰሉትን ቁልፍ ቃላት ብቻ ይቀይር፤ የቴብልና የኮለም (የዓምድ) ስም አይንካ።

አማርኛ ያለበት ኩዌሪ ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ለምሳሌ ከተማው "አዲስ አበባ" የሆነውን የሚፈልግ። ፎርማተሩ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አይነካም፣ ነገር ግን ፋይሉን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደላት በፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ስልት) ከከፈተው ፊደላቱ ይበላሻሉ። ፍላፍ ሳይነገረው ኢንኮዲንጉን ገምቶ ነው የሚከፍተው። ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ላይ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ጻፉለት።

ለድሮዎቹ ፋይሎች አካሄዳችን ይህ ነበር። ፎርማት ማድረጉን ብቻውን በአንድ ኮሚት (ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ለውጥ) እናስገባለን፣ ሌላ ለውጥ አንድም አንቀላቅልም። ከዚያ የኮሚቱን መለያ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ የሚያሳየው ትእዛዝ) እንዲዘለው በሚያደርገው ፋይል እንመዘግባለን። ይህ ከ2019 ጀምሮ ጊት ውስጥ አለ። ያለዚያ እያንዳንዱን መስመር የጻፈው ፎርማት ያደረገው ሰው ይመስላል፣ የኮዱ ታሪክ ይጠፋባችኋል። ወሳኝ የሆኑትን ኩዌሪዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ አስኪዳችሁ ውጤቱን በኤክሴፕት (በአንዱ ውጤት ኖሮ በሌላው የሌለውን በሚያሳየው ትእዛዝ) በሁለቱም አቅጣጫ አነጻጽሩ። ኤክሴፕት የተደጋገሙ ረድፎችን ስለሚያጠፋ የረድፎቹንም ብዛት ቁጠሩ። እኛ እንዲህ ስናደርግ አንድም ልዩነት አልወጣም፣ ያን ጊዜ ነው ቡድኑ ያመነው።

ኮማ መስመር መጀመሪያ ላይ ይሁን ወይስ መጨረሻ የሚለው ክርክር አይቀርላችሁም። እኔ መጀመሪያ ላይ ነበር የምወደው፣ አብዛኛው ሰው መጨረሻ ላይ አለ፣ ተቀበልኩ። በአንድ ስብሰባ ወስኑና ኮንፊጉ ላይ ጻፉት።

የመሥሪያ ቤታችሁን ኩዌሪ ግን ኢንተርኔት ላይ ባሉ ነጻ ፎርማተሮች ውስጥ አትለጥፉ። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ያለበትን ኩዌሪ እንዲህ የሚለጥፉ ሰዎች አይቻለሁ፣ በጣም ያሳስበኛል። ከላይ የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ።

የምትጠቀሙበት ዳታቤዝ የቱ እንደሆነ ንገረኝ፣ የእኛን ኮንፊግ ፋይል እልክልሃለሁ።